ከተቆለፈው ቤት የሚወጣ ቁጥር

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየኔታ ክንዱ፣ ዝግባ አምባ ሚካኤል፣ ቡሬ

የኔታ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ትንሽ ተሻለዎት? ደብዳቤዎን ናሁሰናይ የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ የምሠራበት ሙዚየም በር ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ይኸው ዛሬ ገና መመለሴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የጠየቁኝን ሳላጣራ ብጽፍልዎ «ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ብራና ጠጋኝ ሆንኩ ብላ ዋሸችኝ» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

«ተቆጣሽ ወይ?» ላሉኝ፣ አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ደህናውን የድንጋይ ዕቃ ቤት የሣር ክዳኑን አንሥታችሁ ቆርቆሮ አለበሳችሁት፤ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ለሰናችሁት፤ በሩ ላይ «ሙዚየም» ብላችሁ ጻፋችሁበት። ድንጋዩና ጭቃው ይተነፍስ ነበር የኔታ፤ አሁን አፍና አፍንጫውን ይዛችሁታል። ግድግዳው ያልበዋል ያሉኝም፣ የብራናው ጠርዝ ተጠማዘዘ ያሉኝም ከዚያ የመጣ ነው። ሕዝቡ በቅን ልብ እንዳደረገው አውቃለሁና ቁጣዬ እዚህ ላይ ያብቃ።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ክብ ሰዓት የሚመስል፣ እርጥበቱን በመርፌ የሚያሳይ አለ። እሱ በየጊዜው ካልታረመ ይዋሻል፤ ደግሞም ውስጥ ገብቶ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ሌላዋ አውራ ጣት የምታህል ናት፤ ቀን ከሌት መዝግባ ትይዛለች፣ ግን አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካት ያስፈልጋታል። እናንተ ዘንድ ማን ይሰካታል? በሞባይል ካርድ የሚሠራውን፣ እዚህ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የእናንተን ቤት የሚያሳየኝን፣ እጅግ ወድጄው ነበር፤ ኔትወርኩን ግን እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ ሁለት አካል ያለው አለ። አንዱ፣ ዓይኑ እንበለው፣ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጋር ይቀመጣል፤ ሌላው፣ ማሳያው፣ ውጭ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዓይኑ ያየውን በአየር ለማሳያው ይነግረዋል። ሁለቱም በባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ።

እንድመርጥልዎ ሁለት ነገር ይንገሩኝ፦ ግድግዳው ምን ያህል ይወፍራል? ቤቱስ በወር ስንት ጊዜ ይከፈታል?

ልጅዎ አቻምየለሽ


ዝግባ አምባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ፣ ሚካኤል በያለሽበት ይቁምልሽ።

ቁጣሽ ደረሰኝ። ሳነበው አጠገቤ የነበረው አቶ ቢያዝን «ምነው የኔታ፣ ፊትዎ ጠቆረ?» አለኝ። «ድሮ የገረፍኳት ልጅ ብድሯን መለሰች» አልኩት። ሲሚንቶውን ያስለሰነው እሱ ስለሆነ ቃልሽን አላነበብኩለትም።

ጉልበቴን ተዪው። ድምፄ አለ። ዓይኔ ግን እየከዳኝ ነው። ያን ትልቁን ድጓ ታስታውሺዋለሽ? መምህሬ በእጁ ጽፎ የተወልኝን? ከቃሉ በላይ ያለውን የዜማ ምልክት ለማየት ዛሬ ፀሐይ ላይ ማውጣት አለብኝ። እንደሱ ያለ ምልክት ያለው ድጓ ሌላ ደብር አላየሁም፤ እኔም ከእንግዲህ የምገለብጥበት ዓይን የለኝም። ሌሎቹ መጻሕፍት ይቅሩ ማለቴ አይደለም፣ ሁሉም የሚካኤል ናቸው። እሱ ቢጠፋ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ዜማ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም።

ግድግዳው አንድ ክንድ ከስንዝር ነው፤ በገዛ ክንዴ ለካሁት። በወር ስንት ጊዜ ይከፈታል ላልሽው ደግሞ፣ ምነው አንቺ ልጅ፣ የአገርሽን ሥርዓት ረሳሽው እንዴ? ሦስት ቁልፍ ነው። አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ የሕዝቡ ተወካይ ቢያዝን ዘንድ፣ አንዱ ገበዙ ቄስ ያረጋል ዘንድ። ሦስት ሰው በአካል ካልቆመ አይከፈትም፤ የቀደሙት አባቶች በግዝት አስረውታል። ሦስት ሽማግሌ አንድ ቀን ማገናኘት ደግሞ ሠርግ ከመደገስ ይብሳል። አንዱ ማሳ ወርዷል፣ አንዱ ቡሬ ገበያ ሄዷል፣ አንዱ ወገቤን ይላል። በተከፈተ ቁጥርም፣ ጊዜው ጊዜ ነውና፣ ሰዉ «ምን ሊያወጡ ነው?» ይላል። ስለዚህ በሩ ሳይከፈት የሚናገረውን ላኪልን፤ ሁለት አካል ያለውን።

ክንዱ


ዝግባ አምባ፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

አቻሜ፣ ደህና ነሽ ወይ? መሣሪያው ሳይሰበር ደረሰ። እንዲህ ስቀሉት ብለሽ በጻፍሽው መሠረት ሦስታችን ቆመን ከፈትን፤ ዓይኑን ድጓው ያለበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው፣ ማሳያውን ከውጭ በሩ አጠገብ ሰቀልነውና መልሰን ቆለፍን። መጀመሪያ ሃያ አንድ አለ። ቢያዝን «እልል በሉ! ደረቅ ነው!» ብሎ ሕዝቡን አስጮኸ። ለካ ያ የሙቀቱ ኖሯል፤ የእርጥበቱ ከሥሩ ያለው ነው፣ ሃምሳ ስምንት። እልልታውን ግን መመለስ አልተቻለም።

አሁን ከቅዳሴ የወጣ ሰው ሁሉ ማሳያውን ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። «እንደምን አደራችሁ» ቀርቶ «ዛሬ ስንት አለ?» ሆኗል። ስንት ሲደርስ ነው መፍራት ያለብን? እሱን ቁርጡን ንገሪኝ።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። ቄስ ያረጋልን ሆዱን ሲያመው ከርሞ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አዩትና ወደ አዲስ አበባ ጻፉለት። ልጁ ምናለ እዚያ ስለሆነ ወደ እሱ ሄዷል። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ገበዝ በሕይወት እያለ ቁልፉን ለሌላ አይሰጥም፤ እኛም ቶሎ ይመለሳል ብለን ነገሬ አላልነውም። ሂጂና ጠይቂልኝ። ሚስቱ አይናለም ልበ ደካማ ናት፤ ሐኪም እንዳትደነግጥ ብሏታል። «እህል ይበላል ወይ?» እያለች ታስጠይቀኛለች። ለእሷ የማነብላት ሁለት መስመር ጻፊልኝ።

ክንዱ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ናሁሰናይ ደምበጫ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ከረመና ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ቁርጡ ይህ ነው፦ ስልሳ አምስት። ከዚያ በላይ ሲያልፍ ሻጋታ ይነሣል፣ ብራናው ያብጣል፣ ቀለሙ ከፊት ለፊቱ ገጽ ይጣበቃል። ሃምሳ ስምንት ደህና ነበር፤ ግን ሐምሌ ሳይገባ ነው ያነበቡት። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ከግድግዳው ይራቅ፣ ሥሩ ያለው ሣር ይታጨድ። ከውጭ ሆኖ የሚደረገው ይኸው ነው። የቀረው በሩን ከፍቶ አየር ማስገባት ነው።

ቄስ ያረጋልን ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ስለ ዕቃ ቤቱ ጠየቁኝ፤ ሃምሳ ስምንት ነው ስላቸው ደስ አላቸው። ለወይዘሮ አይናለም፣ ሰላም ብለዋቸዋል ይበሉልኝ። ያን ዕለት ሾርባ ጠጥተዋል። ስለ እሳቸው ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ቦዩን አደራ።

አቻምየለሽ


ዝግባ አምባ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

አቻምየለሽ፣ ቦዩ ተቆፈረ። ሣሩ ታጨደ። ቁጥሩ ሰባ አራት ነው።

ቢያዝን በራሱ ወጪ የቆርቆሮ አሸንዳ ገጠመ፤ ጥፋቱ ገብቶታል መሰለኝ። ያም ሆኖ ሰባ አራት። ትናንት ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ውጭው ደርቆ እኛ በር ላይ ቆመን ቁጥሩን እናያለን። ውስጥ የገባው እርጥበት በየት በኩል ይውጣ? መስኮት የለው፣ ሌባ ፈርተን ጥንቱንም አላወጣንለት።

አንቺ ልጅ፣ ስለ ያረጋልና ስለ ቁልፉ ጠየቅኩሽ። አንቺ ስለ ቦይ መለስሽልኝ። ልጅ ሆነሽ ያልያዝሽውን ምዕራፍ ስጠይቅሽ ወደ ዛፉ ታይ ነበር፤ ደብዳቤሽም ወደ ዛፍ ያያል። ያረጋል ምን ሆነ? ደህና ከሆነ በራሱ ቃል «ክፈቱ» ብሎ ይላክብን። ደህና ካልሆነም ንገሪኝ።

«ሾርባ ጠጥቷል» ያልሽውን ለአይናለም አነበብኩላት። ድገሙልኝ አለችኝ፣ ደገምኩላት።

ክንዱ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፣ ይህን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ቄስ ያረጋል ሐምሌ 16 አርፈዋል። ቀዶ ሕክምና አድርገውላቸው ተሽሏቸው ነበር፤ ድንገት ነው የሆነው። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ከተቀበሩ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። አዎ፣ ዋሸሁዎት። ሾርባው እውነት ነው፣ ግን ከማረፋቸው በፊት፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። መንገዱ ተዘግቶ አስከሬናቸውን መውሰድ አልተቻለም፤ እዚሁ ቀበርናቸው። ምናለ መቃብሩ ላይ ወድቆ «እናቴን ማን ይነግርልኛል?» እያለ አለቀሰ።

እዚያው አስማለኝ። «መርዶውን እኔ ራሴ ካልነገርኳት፣ እኔን በዓይኗ አይታ ካልሆነ ትሞትብኛለች፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ። መምጣት ደግሞ አልቻለም፤ ለወጣት ወንድ መንገዱ አይመችም፣ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተመልሷል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ሆስፒታሉ ከልብሳቸው ጋር ሰጠን። የሥራ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። የእርስዎ ድጓ ቁልፍ እዚህ፣ ድጓው እዚያ። የሰው መጽሐፍ ስጠግን እውላለሁ፤ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ቁልፉን አየዋለሁ።

ላለማርዳትም ላለመርዳትም ምያለሁ ማለት ነው። አንድ መላ ካለዎት ይንገሩኝ፣ እኔ የለኝም።

አቻምየለሽ


ዝግባ አምባ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰሽ ልበልሽ እንጂ ምን እላለሁ?

ያረጋል ማረፉን ሐምሌ ሳያልቅ ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ የቀበረ ሰው ለናሁሰናይ ነገረው፣ ናሁሰናይ ለቢያዝን፣ ቢያዝን ለእኔ። አሁን ከቡሬ ገበያ እስከዚህ ያልሰማ የለም፣ ከአይናለም በቀር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኛ ሰምተን ነው ያጠባነው። ታዲያ ለምን ጨቀጨቁኝ ትይኛለሽ። መንገድ ላይ የሰማሁት ወሬ ነው፤ በወሬ አይረዳም። ከአንቺ ወይም ከልጁ ቢመጣልኝ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ማለዳ ቤቷ ሄጄ፣ እንደ ወጉ ላረዳት ነበር። አሁን ነገርሽኝ፤ ግን በልጁ መሐላ የእኔንም አፍ አሰርሽው። ልጅ እናቴ ትሞትብኛለች እያለ እኔ ማን ነኝ?

ጋን ቁልፉን ስበሩት የሚል አለ። የሰበርን ዕለት ገበዙ ሞቷል ማለታችን ነው። ሌላ ገበዝ ብንሾምም ያው ነው። ቤቷ ከዕቃ ቤቱ የአንድ ጥሪ ርቀት ነው፤ መዶሻው ሲያርፍ ትሰማዋለች። ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ አንድ ጊዜ ወደ ቁጥሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቤቷ እያየ ይሄዳል። ሰማንያ አንድ ነው። በበሩ ሥር የሻጋታ ሽታ መውጣት ጀምሯል። ደፉ ላይ ተንበርክኬ አሸተትኩት። የመምህሬ ድጓ ነው የሚሸተኝ።

ከሁሉ የሚገለኝ ደግሞ እሷ ናት። በየቀኑ ትመጣለች። ፊደል ስላልቆጠረች «የኔታ፣ ዛሬ ስንት አለ?» ትለኛለች። ደህና ነው እላታለሁ። «እሰይ፣ ያረጋል ሲመለስ ደስ ይለዋል» ብላ ግድግዳውን ተሳልማ ትሄዳለች። እኔም ስትሄድ አያታለሁ።

ሳይከፈት የሚናገረውን ላኪልን ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አልወቅስሽም። ግን ምነው ያን የሚዋሸውን ባለ መርፌውን በመረጥሽልን! እሱ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀር ነበር፤ እኛም ሳናውቅ እንከርም ነበር። ይኸ የላክሽው አይዋሽ፣ አይተኛ፣ አያዝን። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን።

ክንዱ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ምናለን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። አለቀሰ፣ እምቢ አለ። እኔም ከእሱ ተደብቄ ቁልፉን በናሁሰናይ ልኬዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኙታል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። «ቄስ ያረጋል ተሽሏቸዋል፤ እስኪመለሱ መጻሕፍቱ አየር ያግኙ ብለው ቁልፉን ልከዋል» ይበሉ። ግዝቱ ሦስት ሰው ነው የሚለው፤ ወይዘሮ አይናለም በባላቸው ስም ይቁሙና ራሳቸው ይክፈቱት። መርዶውን ምናለ መንገዱ ሲከፈት መጥቶ በወጉ ያደርሳል። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ እርስዎ አይጨነቁ።

በሩ ሲከፈት ድጓውን ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ክፈቱት። የተጣበቀ ገጽ ካለ በጥፍርም በቢላም እንዳትነኩት። እንዳለ ተዉልኝ። እመጣለሁ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ እመጣለሁ።

አቻምየለሽ


ዝግባ አምባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አቻምየለሽ፣ እንደምን አለሽ?

ቁልፉ ደርሷል። የምጽፍልሽን አልቅሰሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ለአንድ ቀን አቅፌው አደርኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡን አቆየሁትና አይናለምን አስጠራኋት። በዚህ ዕድሜዬ፣ መቋሚያዬን ተደግፌ፣ በሚካኤል ደጅ ዋሸሁ። «እሰይ አይናለም፣ ያረጋል ተሽሎታል፤ በእኔ ስም ክፈቺ ብሎ ይኸው ቁልፉን ልኮልሻል» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ሳመችው። የእኔን አስቀድሜ ከፍቼዋለሁ፤ ቢያዝንም የራሱን አውጥቶ መክፈት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለበትን ክር አየችው። አቻሜ፣ ቁልፉን ከነክሩ ነው የላክሽው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ሁለታችንም አላሰብነውም። አገላበጠችው። «ይህን ክር እኔ ነኝ የፈተልኩት» አለች። «ሲተኛም ሲታጠብም አያወልቀውም። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ በመቀስ ነው የተቆረጠው። በሕይወት ካለ ማን አስቆረጠው?» ወደ እኔ አየች። ወደ ሕዝቡ ዞረች። ያን ጊዜ አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም። ከሐምሌ ጀምሮ አፍኖት የከረመውን ሕዝቡ በአንዴ ለቀቀው። «ሁላችሁም ታውቁ ኖሯል!» አለች፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልቧ አልቆመም። ይህን ለምናለ ንገሪው፤ ይቅርታም ጠይቂልኝ። ያ ሁሉ የፈራነው ልብ ከእኛ ልብ ይልቅ በርትቶ ተገኘ። ሐምሌ ላይ ብናረዳት ትችለው ነበር።

ሐዘኑ ተቀምጧል፣ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ነው የሰነበትኩት። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «የኔታ፣ በየቀኑ እየመጣሁ ስንት አለ ስልዎ፣ ለብራናው ስትጨነቁ አይ ነበር። ጣራችሁ፣ ቆፈራችሁ፣ አሸንዳ ገጠማችሁ። ለያረጋል ግን አንድ ሰው እንባ አላወጣም። ያረዳችሁኝ በሩ እንዲከፈትላችሁ እንጂ ለእኔ ብላችሁ አይደለም።» እውነቷን ነው። ለመጽሐፍ ስል ባሏን ከሞት አስነሥቼባት፣ እዚያው ቆሜ መልሼ ገደልኩባት።

ቁልፉን ከነክሩ ጨብጣዋለች። ስትበላም በግራ እጇ ነው፣ ስትተኛም አትለቀውም ይላሉ። ከባሏ የደረሳት ይኸው ብቻ ነው፤ ሬሳውን አላየች፣ አፈር አላለበሰች። ቢያዝን በክርኑ ጎሸም እያደረገ «ይጠይቋት እንጂ የኔታ» ይለኛል። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብዬ ዘጋሁት። ሽማግሌዎቹም አንዱ ሌላውን ያያል እንጂ የሚጠይቅ ጠፋ። ሁለቱ ጋን ቁልፎች ተከፍተው ተንጠልጥለዋል፣ የያረጋል ብቻ እንደተቆለፈ ነው፤ ሐዘንተኛ ደጃፍ አጠገብ መዶሻ የሚያነሣም የለም።

ማሳያው ሰማንያ ስምንት ይላል አሉኝ። እኔ ሄጄ አላየሁትም። እሷም ከእንግዲህ አትጠይቀኝም። አሁን የምጽፍልሽ እሷ ቤት ደጃፍ ላይ ሆኜ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፣ እጇ ከዚህ ይታየኛል። ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አታውቂው።

ክንዱ